የቀበሮ ጥይት

ታላቅ ወንድሜን «ጄኔራሉ» የምንለው ወታደር ቤት ገብቶ ስለሚያውቅ አይደለም። ማዘዝ ስለሚወድ ነው። ልጆች ሳለን ሳህን የማጥበው እኔ፣ ሳህን እንዴት እንደሚታጠብ የሚያስረዳው እሱ ነበር። ዛሬ የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ሆኗል። ምላሱ በመጨረሻ ሥራ አገኘች።

እኔ ጠመንጃ ጠጋኝ ነኝ። ሙያውም ሱቁም የአባቴ ናቸው። ከፊት የመስታወት ባንኮኒና የጥይት መደርደሪያ፣ ከኋላ ብረት ማጥበቂያ ሞርሳና የዘይት ሽታ ያለበት ጠባብ ክፍል አለ። አባቴ ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ላይ ብረት እስኪገባለት ድረስ ሞርሳው የእሱ፣ ባንኮኒው የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ቦታ ተቀያየርን። ሐኪሙ እንዲተኩስ ፈቅዶለታል፤ በኃይል የሚራገጥ ጠመንጃ ግን እንዳያስደግፍበት አስጠንቅቆታል።

ስንት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው የአደን ፈቃድ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ወንድ አጋዘን። አባቴ ወረቀቱን ሞርሳው ላይ አስቀምጦ፣ «እንግዲህ ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ በንጹሕ እጅ ልጨርስ» አለኝ። በእሱ አነጋገር ንጹሕ ማለት አንድ ጥይት፣ አንድ ሞት ማለት ነው። አቁስሎ የለቀቀው አውሬ የለም፤ በዚህ ብቻ ይኮራል።

ስለዚህ ትንሹን መረጥኩለት። ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊ ሜትር ነው፣ አፈሙዙ ትንሿ ጣቴን እንኳ አያስገባም። ሰደፉን ለትከሻው አሳጠርኩት፣ ቃታውን አለዘብኩት። ትልቅ አውሬ የሚወድቀው በትልቅ ጠመንጃ ብቻ ነው የሚል ሰው ሱቄ ሲገባ ደሜ ይፈላል። አውሬውን ጩኸት አይገድለውም። አረሩ ልብና ሳንባው ዘንድ መድረስ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ሳይደነግጥ የሚተኩስ ሰውና መንገድ ላይ የማይበተን አረር ያስፈልጋል። ሌላው ወሬ ነው።

አረሩን የምንመርጥበት የቤታችን ዘዴ አለ። አሮጌ ጋዜጣ በርሜል ውስጥ ይዘፈዘፍና ሲርስ ሥጋ ሥጋ ይላል። ፊቱ ላይ የበሬ የትከሻ አጥንት ይታሰራል፣ ከዚያ ይተኮስበታል። አባቴና እኔ እጅጌያችንን ሰብስበን ርጥቡን ጋዜጣ ገጽ በገጽ እየገለጥን አረሩ የት እንደቆመ እናያለን። ረጅሟና ከባዷ፣ የመዳብ ልብሷ ወፍራም የሆነው ጥይት አጥንቱን ሰብራ ጋዜጣውን ዘልቃ በርሜሉን ከጀርባ በሳችው። ያው ስድስት ነጥብ አምስት የሆነችው ቀላሏ ጥይት ግን አጥንቱ ላይ ዱቄት ሆነች። እሷ ዶሮ አርቢዎች ቀበሮ የሚገድሉባት ናት። ጫፏ ላይ ቀይ ፕላስቲክ አለ፤ በጣም ፈጣን ናት፤ ስትነካ እንድትፈነዳ ታስባ የተሠራች ናት። ሁለቱም በዚያው ጠመንጃ ይተኮሳሉ፤ ሥራቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ጄኔራሉ የመጣው ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ነው። እጁ ላይ ክንድ የሚያክል አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ይዞ፣ ከኋላው ደግሞ አለቃውን ሥራ አስኪያጁን አስከትሎ ገባ። ሰውየው ስለ አባታችን ብዙ ሰምተው አደኑን ለማየት ጓጉተዋል። ማን እንዳወራላቸው አልጠየቅኩም።

«አባዬ፣ ለአንተ የሚመጥን ይህ ነው» አለ ወንድሜ። የእኔን ሥራ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየና፣ «ይህቺን ለልጄ ልደት ስጪልኝ» አለኝ።

«ትከሻው ላይ ብረት እንዳለ ረሳህ?»

«አንቺ ደግሞ አባቴን ሽማግሌ አታድርጊው። ሥራ አስኪያጄ ፊት በመጫወቻ ሊያድን ነው?»

አባቴ ትልቁን ጠመንጃ ይደባብሳል። ዓይኑ እንደበራ አየሁ። እዚያች ላይ ወንድሜን በሞርሳ ባጠብቀው ደስ ይለኝ ነበር። በሽተኛ ሰውን በኩራቱ በኩል የሚያጠምድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የድንጋይ ካባ ሄድን። አባቴ ለደንበኞች ሁሉ የሚያደርገው ፈተና አለው፤ ጠመንጃውን እሱ ያጎርሳል፣ አንዴ ጥይት፣ አንዴ ባዶ ቀለሃ። ተኳሹ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ባዶው ላይ ቃታ ሲስብ አፈሙዙ ካልተነቃነቀ ሰውየው አይፈራም ማለት ነው። አባቴ ትልቁን ጠመንጃ ሰጠኝና፣ «አንቺ አጉርሺው» አለኝ። ራሱን ለራሱ ፈተና ያቀረበ ሰው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ያጎረስኩት እውነተኛ ጥይት ነበር። ካባው ጮኸ፣ የአባቴ ከንፈር ነጣ። ሁለተኛውን ባዶ አደረግኩት። ቃታውን ሲስብ ዓይኑ ተጨፈነ፣ አፈሙዙ ቁልቁል ሰገደ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ቦታ ዞር አሉ።

«ገባኝ» አለ አባቴ፤ ጠመንጃውንም ለወንድሜ መለሰ። በትንሹ ጠመንጃ ሲሞክር አፈሙዙ ባዶውም ላይ፣ ጥይቱም ላይ ፍንክች አላለም። ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ተንፈስ አልኩ። ወንድሜን እንዳላወቅኩት ሆንኩ።

የአደኑ ቀን ጎሕ ሲቀድ ከሱቁ ተነሣን። ዝናሩን ራሴ በከባዶቹ ጥይቶች ሞልቼ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ውሃና ገመድ ከኋላው ክፍል ይዤ ስወጣ ወንድሜ ዝናሩን ትከሻው ላይ ጥሎታል። «አባዬ እንዳይከብደው እኔ ልያዝ» አለ። አንድ ቀን እንኳ ደግ ቢሆን ምን አለበት ብዬ ተውኩት። አደኑ ቦታ ስንደርስ ጠመንጃውን ራሱ አጎርሶ ዝናሩን አባታችንን አስታጠቀው።

አጋዘኑ ፀሐይ ሞቅ ሲል ከቁጥቋጦው ብቅ አለ፤ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። አባቴ ተንበርክኮ ጠመንጃውን ባላ እንጨት ላይ አስደገፈ። እኔ በሩቅ ማያ መነጽሬ የማየው አጋዘኑን አልነበረም፤ የአባቴን አፈሙዝ ነው። አልሰገደም። ጥይቱ ሲያርፍ ድምፁ ተሰማ፣ አጋዘኑ ሽምቅቅ አለ፣ ከዚያ በሦስት እግሩ እያነከሰ ጫካ ገባ።

አባቴ ከመሬት አልተነሣም። «ጨፈንኩ መሰለኝ» አለ።

«አልጨፈንክም፤ አይቼሃለሁ።»

«አታጽናኚኝ ልጄ።»

ወንድሜ አጎንብሶ የአባቴን ደህና ትከሻ መታ መታ አደረገው። «ዕድሜ ነው አባዬ። ምን ታደርገዋለህ?» አለ። ይህን የተናገረው ሥራ አስኪያጁ እንዲሰሙት አድርጎ ነው።

ዱካውን ተከተልን። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ሄዷል፣ አልፎ አልፎ የአጥንት ስንጣሪ ይታያል። እየመራን የሚሄደው አባቴ ነው፤ እየሄደም ቀኝ እጁን ይሰድባል። «አንቺ እጅ» ይላታል፣ «ከመሰላል ስወድቅ ያኔውኑ መሞት ነበረብሽ።» ጠመንጃውን ዛሬውኑ ለእኔ እንደሚተው፣ ሱቁም እንደማይመጣ፣ የማያምናትን እጅ የሰው ጠመንጃ ላይ እንደማያሳርፋት ተናገረ። ወንድሜ አጠገቡ እየሄደ «አይዞህ» ይለዋል። አፈሙዙ አልሰገደም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ያ ጥይት ምን ሆነ?

አጋዘኑን ያገኘነው ጥላ ሥር ተኝቶ ነው። አንገቱ ቀጥ ብሏል፣ ዓይኑ እኛ ላይ ነው። አባቴ ጠመንጃውን አቀበለኝ። «አንቺ ጨርሺው። እኔ ከዚህ በላይ ላሰቃየው አልፈልግም።» ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

የጠመንጃውን የጥይት ማስቀመጫ ከፈት አድርጌ የጎረሰውን አየሁ። ጥይቷ ጫፏ ላይ ቀይ ፕላስቲክ አላት።

ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን አሸሸ። ጠጋ ብሎኝ በሹክሹክታ፣ «ጠመንጃው ትንሽ ስለሆነ ፈጣኗ ትሻላለች ብዬ ከመደርደሪያው ቀየርኳት። ካርቶኑ ላይ ያለው የፍጥነት ቁጥር ይበልጣል። አሁን ተይው፣ ሰውየው ይሰማሉ፤ ቤት እንነጋገራለን» አለኝ።

በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም። እጄ ግን ሰደፉን የጨበጠበትን መንገድ እኔ አውቀዋለሁ። ጥይቷን አወጣሁና የአባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኳት።

የማንበቢያ መነጽሩን አላደረገም። በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። «ይቺ የቀበሮ ናት» አለ። ዝናሩን ዳሰሰ፤ አንድም ከባድ ጥይት የለበትም። ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ወንድሜ ነው ያየው።

ኪሴ ውስጥ ከሙከራው የተረፉ ከባድ ጥይቶች ነበሩኝ። አንዷን ሰጠሁት። ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደ፣ ተንበረከከ፣ ተነፈሰ፣ ተኮሰ። የአጋዘኑ አንገት ቀስ ብሎ መሬት ያዘ። ጥይቷ በወዲያኛው ጎን ወጥታ ከኋላው ያለውን አፈር አቦነነች።

ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወንድሜ ያገኘውን ቀዳዳ ሊጠቀምበት ሞከረ፤ «አየህ አባዬ፣ ዋናው ማለቁ ነው። እኔ ለአንተ ብዬ እንጂ...»

«ና» አለው አባቴ። አጋዘኑ አጠገብ አስቀመጠው። የመጀመሪያውን ቁስል በቢላ ሰፋ አደረገና፣ «ጣትህን አስገባ» አለው።

«አባዬ፣ ልብሴ...»

«አስገባ አልኩህ።»

አስገባ። ጣቱ አጥንቱ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። የአጋዘኑ ትከሻ ተሰባብሯል፣ ከአጥንቱ በስተጀርባ ግን ያለፈ ነገር የለም።

«አውጣ።»

ወንድሜ የመዳብ ፍርፋሪ አወጣ። ሌላም አወጣ። አባቴ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ከሥር ያዘለት፤ ያቺን፣ ጠዋት ሙሉ ሲሰድባት የነበረችውን እጅ።

«የተቆጣሁት ጥይት በመቀየርህ አይደለም» አለው፣ ድምፁን ሳያነሣ። «የማያውቅ ሰው ይሳሳታል። ዝናሩ ውስጥ ምን እንደከተትክ ግን ታውቃለህ። አጋዘኑ ሲሮጥ ታውቅ ነበር። እኔ እጄን ስረግም አጠገቤ ነበርክ። ዕድሜ ነው ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

ጄኔራሉ ደም የነካውን ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል፤ መኪናው ጋ እጠብቃለሁ ብለው እንኳ አልሸሹም።

«አውጣ፣ ገና አለ» አለ አባቴ።

ወንድሜ አጎንብሶ መልቀም ቀጠለ። ፍርፋሪዎቹን አንድ በአንድ የአባቴ መዳፍ ላይ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱም ከጣቱ እያመለጠ ሣሩ ላይ ይወድቃል። ጠጋ ብዬ አየሁ። የአባቴ እጅ እንደ ባንኮኒ ጸጥ ብሏል። ፍርፋሪውን የሚጥለው የወንድሜ እጅ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።