ባለ ቋጠሮው ገመድ

በዓይነ ስውራን መኖሪያ ግድግዳ ላይ ሥዕል መሣል የማን ሐሳብ እንደነበር ዛሬ ቢጠየቅ፣ እኔ ነኝ የሚል አይገኝም። ያን ቅዳሜ ግን ሐሳቡ የእኔ ነው የማይል አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ የፕሬዚዳንቷ ነበር። ፕሬዚዳንት የሚሏት የኮሌጁን የበጎ ፈቃድ ክበብ ስለምትመራ ነው። ክበቡ አሥራ አንድ አባላት፣ አሥራ አንድ ቢጫ ካናቴራ፣ አንድ ባነርና ማለቂያ የሌለው ፎቶ አለው።

መጥፎ ልጅ አይደለችም። መጥፎ ብትሆንማ ይሻል ነበር፤ መጥፎ ሰው ሲመጣ ሰው ቶሎ ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል። እንደ እሷ ያለው ግን ፈገግ እያለ ስለሚመጣ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈትለታል፣ ወንበር ይሳብለታል፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ ነው።

ኮሌጁ አንድ ደንብ አለው። ማንም ተማሪ ስልሳ ሰዓት ኅብረተሰቡን በነጻ ሳያገለግል አይመረቅም። በነጻ የሚሠራ ሥራ በግዳጅ ሲታዘዝ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይወቁት። ብቻ አገልግሎቱ የተሰጠበት ቤት ኃላፊ ቅጽ ላይ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ አውራ ጣቱን ያትማል። ቅጹ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሬጅስትራር ካልገባ ምርቃት የለም። ለፕሬዚዳንቷ የቀራት የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው፤ እናቷ ደግሞ ቀሚሷን አሰፍታለች፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች፣ አጎቷም ከሩቅ አገር ቲኬት ቆርጧል።

ቅዳሜ ጠዋት ክበቡ እንደ ሠርገኛ እየዘፈነ ገባ። ቤቱ አንድ ረጅም ኮሪደር ነው፤ በአንዱ ጫፍ መኝታ ክፍሎች፣ በሌላው ጫፍ ነዋሪዎቹ ብሩሽና መጥረጊያ የሚሠሩበት ወርክሾፕ፣ መሐል ላይ የመመገቢያ አዳራሹ፣ የኃላፊዋ ቢሮና ሽንት ቤቱ። ነዋሪዎቹ እርጥብ ቀለም እንዳይነካቸው ተብሎ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ በተራ ተደረደሩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ፀሐይ ተሣለ፣ ፀሐይዋ ዓይን ወጣላት፣ ዓይኗ ሽፋሽፍት ወጣለት። ቀጥሎ ቀስተ ደመና፣ ከዚያም የተያያዙ እጆች፣ ከላይ በትልቁ፦ «ጨለማ ተሸነፈ!»

«ምን ሣላችሁ?» አለ ከአግዳሚው ላይ ራዲዮ። ራዲዮ የሚሉት አንዴ ከተከፈተ የሚያጠፋው ስለሌለ ነው።

«ቀስተ ደመና ነው ጋሼ! ሰባቱም ቀለም!» አለች ፕሬዚዳንቷ።

«ጎሽ! ያው ለእኔ ሰባቱም አንድ ናቸው፤ ሳትጨነቁ በአንዱ በጨረሳችሁት ኖሮ።»

ሁሉም ሳቁ። ፕሬዚዳንቷም ሳቀች፤ እንዴት ደስተኞች ናቸው ብላ ልቧ ተነካ። ይህንኑ ማታ ከፎቶው ሥር ለመጻፍ በልቧ ያዘች።

ኮሪደሩ ውስጥ ግን ሥዕሉን የሚያበላሽ ነገር ነበር። ከግድግዳው ጋር ወገብ በሚደርስ ከፍታ ላይ የተወጠረ አሮጌ ገመድ፣ ከእጅ ብዛት የጠቆረ፣ እዚህም እዚያም የተቋጠረ፣ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ቁራጭ ቆዳ የታሰረበት። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ፕሬዚዳንቷ ራሷ መቀስ አንስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጣ አወረደችው። ግማሹ ባነሩን በር ላይ ለመስቀል ዋለ። ግማሹ ተረፈ፤ ለተረፈው ደግሞ ጨዋታ ተገኘለት፦ ገመድ ጉተታ፣ ተማሪዎች ከነዋሪዎች ጋር።

የወርክሾፑን አለቃ ከፊት አቆሟቸው። አለቃው ስልሳውን አልፈዋል፤ አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ቤት ኖረዋል፣ ብሩሽ የሚሠራውን ሁሉ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ኃላፊዋ ቅዳሜ ስለማትገባ የተማሪዎቹን ነገር ከነቅጻቸው ለእሳቸው ሰጥታ ሄዳለች። ፉጨት ተነፋ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ አለቃው መሳብ ጀመሩ። እጃቸው ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆሙ። አንዱን ዳሰሱ፣ ሁለተኛውን ዳሰሱ፣ ሦስተኛውን ዳሰሱ።

«ይሄ ገመድ ከየት መጣ?»

«አሮጌ ነው አባባ፣ ቢበጠስም ግድ የለም!»

«የሽንት ቤቱ ነው» አሉ አለቃው፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ ገመዱንም ለቀቁት።

ወዲያ ማዶ የሚጎትቱት ባለ ቢጫ ካናቴራዎች በአንድ ላይ በቂጣቸው ዘጭ አሉ። ሳቁ ግቢውን ሞላው። የዕለቱ ምርጥ ፎቶ እሱ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ፕሬዚዳንቷ ቅጿን በፕላስቲክ ከታ መጣች። ወርክሾፑ በር ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስቀምጣ ጠበቀቻት።

«አንቺ ነሽ ባለ ሥዕሏ?»

«አዎ እትዬ!» አለች ምስጋና እንደሚቀበል ሰው ቀና ብላ።

«ያ ገመድ መንገዳቸው ነበር። አንድ ቋጠሮ በር ነው፣ ሁለት ቋጠሮ ደረጃ ነው፣ ሦስት ቋጠሮ ሽንት ቤት። ቆዳ የታሰረበት ምድጃ አለ ማለት ነው። ከቅዳሜ ወዲህ እኔ እጃቸውን ይዤ ነው የማደርሳቸው። አለቃው እኔን ላለመጥራት ብለው ውኃ መጠጣት ትተዋል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም እጃቸውን ይዟቸው አያውቅም፣ ገባሽ?»

ፕሬዚዳንቷ አፈረች። እፍረቷ የእውነት ነበር፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ዓርብ ትዝ አላት።

አለቃው አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው የእንጨቱን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው እየፈለጉ ጭረቱን ያስገባሉ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«አባባ፣ በጣም ይቅርታ፣ አላወቅንም ነበር። እና... ይቺን ቅጽ...»

«ሰምቻለሁ። ገመዱን መልሺልኝ፣ አትምልሻለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም ልጄ። ሥዕሉ እዚያው ይቀመጥ፣ እኔን አላስቸገረኝም።»

ረቡዕ ይዛ መጣች። አሮጌውን አይደለም፤ አሮጌው ከባነሩ ጋር ተበጣጥሷል፣ የተረፈውም ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። አዲስ የናይለን ገመድ ነው ያመጣችው፣ ሰማያዊ፣ ከቀስተ ደመናው ጋር እንዲሄድ። ጽዳት ሠራተኛዋ የነገረቻትን አልረሳችም፣ ቋጠሮ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሜትር እየለካች፣ በየአንድ ሜትሩ፣ ሦስት ሦስት ቋጠሮ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ አሰረችበት። እንዲህ የሚያምር ሥራ በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼኔ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጠር መጀመሪያ የሞከረው ራዲዮ ነው። ገመዱን ይዞ እያወራ ሄደ፣ ሦስት ቋጠሮ አገኘ፣ ተመስገን አለ፣ በሩን ከፍቶ ገባና ቀበቶውን መፍታት ጀመረ። የገባው ግን ኃላፊዋ ሦስት እንግዶች ይዛ የምትነጋገርበት ቢሮ ነበር። ጩኸቱ እስከ ወርክሾፑ ተሰማ።

ራዲዮ ቀበቶውን እንደያዘ ሲወጣ፦ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም ይሉ ነበር። እኔ ተረቱን ውሸት አድርጌው ነበር፤ ይቺ ልጅ መጥታ እውነት አደረገችው!» አለ። ቤቱ በሳቅ አውካካ፤ አለቃው ግን አልሳቁም።

«ቋጠሮ ጌጥ አይደለም» አሉ ለፕሬዚዳንቷ፣ ሳይቆጡ። «አብረሽኝ ሂጂ። እያንዳንዱን በር እነግርሻለሁ፣ አንቺ ታስሪያለሽ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።»

«ዛሬ የምርቃት ልምምድ አለብኝ አባባ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ እናቴን!»

«እናትሽን አታስገቢያት» አሉ አለቃው። «ነገ እጠብቅሻለሁ።»

ሐሙስ አልመጣችም። ሐሙስ ፀጉር ቤት ነበረች፤ ካባዋን ለክታለች፤ ከሰዓት በኋላም የክበቡን ፎቶዎች ከሰባ ወደ ሃያ ስትቀንስ ዋለች። አንድ ጊዜ ትዝ አላትና፣ የፈለገው ቢሆን ነገ አለሁ አለች። የሚጠብቃት ሰው ጥማቱን ይዞ እንደተቀመጠ ማሰብ ለዕለቱ የሚመች ሐሳብ አልነበረም፤ ስለዚህ አላሰበችውም።

ዓርብ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ገና ከበሩ ስትገባ እናቷ ደወለች።

«ገባ ወይ ቅጹ?»

«እየገባ ነው እማዬ።»

«አጎትሽ አየር ማረፊያ ነው። እንዳታዋርጂኝ!»

ግማሽ ቀን ይፈጃል ብለዋል፤ የቀራት ሰዓት ተኩል ነው፣ መንገዱ ብቻ አርባ ደቂቃ። ኮሪደሩን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ በቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ቢሮው ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የማህተሙ ቀለም ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ቅጹን አወጣች። «የኃላፊው ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ» ይላል። ጣት ጣት ነው። የሬጅስትራሯ ጸሐፊ አጉሊ መነጽር ይዛ አትቀመጥ! ደግሞስ ሠርተን የለም እንዴ? አሥራ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ! ለሥራው የሚገባውን ፊርማ መውሰድ ሌብነት ነው? ይህን ሁሉ ለራሷ ተናገረች፣ ራሷም አመነችላት። ዓይኗን በጨው አጥባ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ አስገባች፣ ቅጹ ላይም ተጭና አነሣች። ጥርት ብሎ ወጣ።

በሩ ጋ ኮቴ ተሰማ። ዞር ስትል አለቃው ናቸው፤ ብቻቸውን፣ አንድ እጃቸው ሰማያዊው ገመድ ላይ።

«የጽዳቷ እትዬ መጥታለች ስትለኝ ነው የመጣሁት» አሉ። ፊታቸው ፈካ ብሏል። «ትናንት ስትቀሪ እኛው አሰርነው። እኔ እየዳሰስኩ፣ እትዬ እየቋጠረች፣ ራዲዮ እያወራ። ቋጠሮሽን ፈታንብሽ እንጂ ገመዱ ጠንካራ ነው፣ ጥሩ ገመድ ነው የገዛሽልን። ካሰርነው ወዲህ ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ማንም ሳይዘኝ። ውኃውንማ እንደ ግመል ነው የጠጣሁት!» ሳቁ። «የገመዱ ነገር ካለቀ ደግሞ ቃል ቃል ነው። አምጪው ቅጹን፣ ላትምልሽ።»

ፕሬዚዳንቷ ቅጹን ከኋላዋ ደበቀችው፤ ከማን እንደምትደብቀው እግዜር ይወቅ።

«የት ጋ እንደሆነ አሳዪኝ እንጂ» አሉ አለቃው፣ እጃቸውን ዘርግተው እጇን ፈልገው ያዙ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጭረት ሲቆጥር የኖረ ጣት ነው። አውራ ጣቷን አገኘው፣ እርጥቡን ዳሰሰው። አለቃው እጇን ሳይለቁ የዳሰሱበትን የሌላኛውን እጃቸውን ጣት ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ፣ አሸተቱ።

«የሥዕሉ ቀለም ነው» አለች ቶሎ ብላ።

«የሥዕሉ የዘይት ነው፣ ሳምንት ሙሉ ስንታጠነው ከረምን። ይሄ የማህተም ነው።»

በኮሪደሩ ራዲዮ ለአንድ ሰው የቢሮውን ታሪክ እንደ አዲስ ሲያወራ ይሰማል።

«ስንት ዓመትሽ ነው ልጄ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት» አሉ። እጇን ቀስ አድርገው መለሱላት፣ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ከነበረበት እንደሚመልስ። «እኔ ልሰጥሽ እኮ ነበር የመጣሁት።»

ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ገመዱን ያዙ። በር፣ አንድ ቋጠሮ። በር፣ አንድ ቋጠሮ። ከዚያ ሦስት። ሽንት ቤቱ ተከፍቶ ተዘጋ።

ቅጹን ቀዳ የጣለች ይመስላችኋል? አልቀደደችም። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሬጅስትራር ገባ፤ ጸሐፊዋም ቀና ብላ ሳታይ ተቀበለችው። የክበቡ ሥራ «የዓመቱ አርአያ አገልግሎት» ተባለ፣ ፕሬዚዳንቷም በምርቃቱ ዕለት አንገቷ ላይ ሜዳልያ ገባላት።

ካባ ለብሳ፣ እናቷ በቀኝ አጎቷ በግራ ሆነው ለፎቶ ሲቆሙ፣ ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ አቋረጠ።

«እጅሽን ዘርጊው እንጂ!» አለች እናቷ። «ምን ጨብጠሽ ነው እንዲህ?»

ቀለሙማ የዚያኑ ዕለት በሳሙና ለቋል፤ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እሷ ግን አውራ ጣቷን አራቱ ጣቶቿ ውስጥ ቀብራ፣ «ምንም» አለች፣ ለፎቶውም ፈገግ አለች።