ጠፋልህ?

አባቷ በጠዋት የሚደውል ሰው አልነበረም። ዕድሜውን በውሃ ፓምፕ ጣቢያ ስለፈጀ፣ ጠዋት ለእሱ ሞተር የሚነሳበትና መለኪያ የሚነበብበት ጊዜ እንጂ የወሬ ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ትልቋ ልጁ መሥሪያ ቤቷ ገብታ ገና ኮምፒውተሯን ከመክፈቷ ስልኳ ላይ «አባዬ» የሚል ስታይ ቶሎ ብላ አነሳችው።

«እናትሽ ጠራርጋ ወሰደችው» አላት።

«ምኑን አባዬ?»

«ፊልሞቹን ነዋ። ዝርዝሩ ባዶ ነው፤ ለምልክት እንኳ አልተወችልኝም። ሁሉንም ባንዴ ደህና እደር ብላኝ ሄደች መሰለኝ።»

ድምፁ ውስጥ ልቅሶ የለም። እንዲያውም እናቷ ከተቀበረች ወዲህ እንዲህ ቀለል ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምታ አታውቅም። ክው ያደረጋትም ይኸው ነው። «መጣሁ» ብላ ዘጋች፤ አለቃዋን አስፈቅዳ ኮምፒውተሯን በቦርሳ ይዛ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው እናት የታመመች ጊዜ ነው። ሕክምናው የሚገኘው ልጅቷ የምትኖርበት ከተማ ውስጥ ስለነበር እናት ወደ ልጇ ቤት መጣች፤ አባት ግን ፓምፑን ለማን ይተወው? በጣቢያው ከራሱ በቀር የሚያዘው ሰው ስለሌለው ሚስቱ «ሹሜ» እያለች ታሾፍበት ነበር። እሱ ደግሞ «እሜቴ» ይላታል፤ ሲቆጣም፣ ሲወዳትም፣ ጨው ሲያጣም ያው «እሜቴ» ነው። ተጋብተው ከኖሩበት ዘመን ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊልም ሳያዩ ያደሩበትን ቀን መቁጠር አይከብድም። አሁን እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ ሆኑ። የእሱ ቴሌቪዥን ፊልም የሚያመጣው ከአንድ ድርጅት፣ ልጇ ለእናቷ የሰጠቻት ታብሌት ደግሞ ከሌላ። እናት ደስ ያላትን ፊልም ታብሌቷ ላይ ስታስቀምጥ እሱ አያየውም፤ ስልክ ላይ ርእሱን ስትነግረው ደግሞ ጆሮው የሞተር ጆሮ ስለሆነ ሌላ ፊልም ይከፍትና ተለያይተው ያመሻሉ።

ልጅቷ ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሳሎኗ ጥግ ላይ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ሁለቱን ዝርዝሮች የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም ሠራችላቸው። አንዱ ቤት የተጨመረ ፊልም ሌላው ቤት እንዲደርስ ነው፤ ቀላል ነገር መስሏት ነበር።

አባት የጦር ፊልም ጨመረ። እናት የጦር ፊልም አትወድም፤ ሰረዘችው። ተመልሶ መጣ። ደግማ ሰረዘችው፤ ደግሞ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ አልፈልግም አልኩህ እኮ!» አለችው በስልክ።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ይኸው መልሰህ ሰደድከው። በስተርጅና ልትዘምት ነው?»

«እሜቴ፣ እኔ እጄን አላነሳሁም፤ ሙጭጭ ያለው ፊልሙ ራሱ ነው።»

ልጅቷ በሳቅ ሞተች፤ ከዚያ ተቀምጣ አሰበች። ፕሮግራሙ የሚያውቀው እዚያ ያለ ነገር እዚህ ከጎደለ ማምጣትን ብቻ ነው። እናት ስትሰርዝ «ገና አልደረሳትም» ይልና መልሶ ይልክላታል። አንድ ነገር ተሰርዟል ለማለት ቀድሞ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስታወሻ ሰጠችው። ባለፈው ሲያይ በሁለቱም ቤት የነበረ ፊልም አሁን ከአንዱ ከጠፋ፣ ሰው ሰርዞታልና ከሌላውም ይሰረዝ። ያልነበረ ነገር በአንዱ ከተገኘ፣ አዲስ ነውና ለሌላውም ይድረስ። የሰረዘውንም ለጥቂት ቀን ወደ ጎን አስቀምጦ፣ ጠያቂ ካጣ እንዲጥለው አደረገች። የጦሩ ፊልም በዚያው ቀረ፤ አባትም ተሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በአንድ ሰዓት አንድ ፊልም ይከፍታሉ። ሲያልቅ እናት ከታብሌቷ ላይ ትሰርዘዋለች። ጥቂት ቆይቶ ከእሱ ቴሌቪዥን ላይም ይጠፋል። ልጅቷ ከወዲያኛው ክፍል ሆና በስልክ ሲነጋገሩ ትሰማቸዋለች።

«ጠፋልህ?»

«ጠፋ።»

«በል ደህና እደር ሹሜ።»

ሁልጊዜ የምትሰርዘው እሷ ናት፤ እሱ አንድም ቀን ሰርዞ አያውቅም። በሽታው ከጠናባት በኋላ ማየቱ ቢያቅታትም መጨመሩን አልተወችም፤ «ስድን እናየዋለን» እያለች ዝርዝሩን አስረዘመችው። የሞተችው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ አባት ያን ዕለት ፓምፑ ላይ ነበር፣ አልደረሰባትም።

አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ ልጅቷ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ፕሮግራሟን ከሩቅ ከፈተች። ያው የፈራችው ነው። ለታናሽ ወንድሟ ደወለችለት።

«የእማዬን የፊልም አካውንት ነክተኸዋል?»

«ትናንት ዘጋሁት» አላት። ነገር ሲይዝ ሥርዓት የሚወድ ልጅ ነው፤ የእናቱን ስልክ ያስቆረጠውም የባንክ ደብተሯን የዘጋውም እሱ ነው። «በስሟ ክፍት የሆነ ነገር ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ምነው፣ ስህተት ሠራሁ?»

«አይ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው። እውነቷን ነበር።

ፕሮግራሙ የተዘጋውን አካውንት ዝርዝር ሲጠይቅ ድርጅቱ «ሴትየዋ የለችም» ቢለው ኖሮ ምንም ሳይነካ ይቆም ነበር። የመለሰው ግን ባዶ ዝርዝር ነው። ፕሮግራሙ ባዶውን አየ፤ ትናንት ሁሉም እንደነበረ አስታወሰ፤ እንግዲያው እናትየው ሁሉንም ሰርዛለች ብሎ ከአባትየው ቤትም ጠራረገው። ሞት የሚባል ነገር አያውቅም። ማን ነገረው? እሷ ናት መንገር የነበረባት። ከቀብሩ ማግስት ሄዳ ማጥፋት ትችል ነበር፤ ሁለት ሦስቴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ እጇ አልታዘዝ ብሏት ተነስታለች። ያ አሮጌ ማሽን ጥጉ ላይ ሆኖ የእናቷን ደጅ እያንኳኳ «አዲስ ነገር አለ?» ማለቱን ሲያቆም መስማት አልፈለገችም። ሐዘንተኛው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ወንበር ስትደረድር፣ ሰው ስትቀበልና ስትሸኝ ነበር። እንባው የት እንደሄደ እሷም አታውቅም።

አባቷ ጢሙን ተላጭቶ ጠበቃት። ሳሎኑ ተጠርጓል፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ንቅንቅ ሳይል የኖረው የእናቷ ወንበር ወደ ግድግዳው ተጠግቷል። ሻይ ቀዳላት።

«ያን ቀን ሳልደርስባት መቅረቴ ውስጤን ሲበላኝ ከረመ» አላት። «ደህና እደር ሳትለኝ ነው የሄደችው። ፊልሞቹን አንዱንም አልነካሁም፤ ያላየችውን እንዴት ቀድሜ ልይ? ዛሬ ጠዋት ባዶውን ሳየው ግን፣ እንጃ ልጄ… ደህና እደር አለችኝ ብዬ ደረቴ ለቀቅ አለ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ፕሮግራሙ ወደ ጎን ያስቀመጣቸውን ፊልሞች በቅርብ ቀን ይጥላቸዋል፤ አባቷ ሰላም አግኝቶ ይቀመጣል። ግን እናቷ በዚያ በደከመ ጣቷ አንድ በአንድ የመረጠችው ሁሉ አብሮ ይቀራል። ሻዩን ሳትቀምስ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ እማዬ አይደለችም» አለችው። «የእኔ ፕሮግራም ነው። አካውንቷ ሲዘጋ የሰረዘችው መሰለው። ቀድሜ ማቆም ነበረብኝ፤ አቃተኝ።»

ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየች።

«እኔም ከሞተር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ። «የማሽን ሥራ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። እሷ ብትሆንስ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «ታዲያ ፊልሞቹ ለዘላለም ሄዱ?»

«አሉ። መመለስ እችላለሁ።»

«መልሻቸዋ።»

ወደ እሱ ዝርዝር መለሰቻቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ አንድ እያሉ ብቅ አሉ፤ የፖስተኛዋ ፊልም፣ በመርከብ ላይ የሚያበስለው ሰውዬ፣ ሳይጨርሷቸው የቀሩ ተከታታይ ፊልሞች። አባቷ አንገቱን እየነቀነቀ ተቀበላቸው። በዚህ መሃል የልጅቷ ስልክ ይጮህ ጀመር። ፕሮግራሙ አዲስ ፊልም አገኘሁ ብሎ በደንቡ መሠረት ለእናትየው እየላከላት ነበር። ዝርዝር ሲጠየቅ ባዶ የሚያሳየው ድርጅት ግን ፊልም ሲላክለት አይቀበልም። የፖስተኛዋን ሊያደርስላት ሞከረ፤ «ተጠቃሚው አልተገኘም»። የመርከቡን፤ «ተጠቃሚው አልተገኘም»። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ይዞላት ይሄዳል፣ እየተመለሰ ለልጅቷ ይነግራታል።

«ምን ይላል?» አላት አባቷ።

«እማዬን እየፈለጋት ነው» አለችው። ከቀብሩ ጀምሮ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ። አባቷ ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እንደ ልጅነቷ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ አስለቀሳት።

ሲወጣላት ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

«ካላቆምኩት ሲፈልጋት ይኖራል።»

«ከቆመ በኋላ እኔ አዲስ ብጨምር አይደርሳትም ማለት ነው?»

«አይደርሳትም አባዬ።»

«እሺ» አለ፤ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። «አቁሚው።»

አቆመችው። ስልኳ ዝም አለ።

ሲመሽ አባቷ የእናቷን ወንበር ከግድግዳው አምጥቶ ለልጁ ሰጣት፤ የፖስተኛዋን ፊልም ከፈቱ። እናቷ ብታየው ትወደው ነበር። ሁልጊዜ መሃል ላይ አንኮራፍቶ መጨረሻው ላይ የሚነቃው ሰውዬ ዛሬ ዓይኑን ሳይከድን እስከ መጨረሻው ተመለከተው። ካለቀ በኋላ ሪሞቱን አነሳ።

«የት ጋ ነው የሚሰረዘው?» አላት።

አሳየችው። ጠቋሚ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየና ተጫነው። ፊልሙ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ከሥሩ ያሉት አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አሉ።

«ጠፋ» አለ። ከዚያ ልጁን ሳያይ፣ ቴሌቪዥኑንም ሳያይ፣ ቀስ ብሎ «ደህና እደሪ እሜቴ» አለ።