ባለ ሁለት ራሱ ገመድ

አባትየው ጡረታ እስኪወጡ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበሩ፣ በገመድ የማይፈታ ችግር ያለ አይመስላቸውም። ሳንባቸው ደክሞ ያለ ኦክስጅን ማሽን መዋል ማደር ሲያቅታቸው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያድናቸውን ገመድ በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው። አንዱን ራስ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን የሳሎኑ ሶኬት ላይ ይሰኩና ቤቱ ቦግ ይላል። ዋናውን ብሬከር ካላወረዱ ግን ያው ኮረንቲ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ ሽቦ ይወጣል። የመንገዱን ሽቦ የሚጠግነው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ የበኩር ልጃቸው ነው።

ታናሽየዋ ልጃቸው ኤሌክትሪሺያን ናት። ቶሎ ስለምትቃጠል ቤተሰቡ «ፊውዝ» ይላታል። ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን መቀያየሪያ ገዝታ ካመጣች ከራርማለች፤ እጀታው ወይ ወደ መንገዱ መብራት ወይ ወደ ጄኔሬተሩ ይዞራል እንጂ ሁለቱን ፈጽሞ አያገናኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው አባባ» ብትላቸው፣ «ግድግዳዬን እንዳትበሺ!» ብለው መቀያየሪያውን ከነካርቶኑ ለአልጋቸው ሰባራ እግር ማስደገፊያ አደረጉት።

አንድ ቀን ጠዋት ነፋስ ከበራቸው ፊት ያለውን ሽቦ በጠሰው። ፊውዝ እየሮጠች ስትመጣ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ወንድሟ ምሰሶው ላይ ወጥቷል። በዚህ ሰፈር ሽቦ ከመንካቱ በፊት ብሬከሩ መውረዱን ለመጠየቅ ሁልጊዜ ወደ ቤት ይደውላል። ሳሎን ስትገባ አባቷ ስልኩን ይዘው፣ «ወርዷል ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» ይሉታል።

«አይተው ነው?» አለቻቸው።

«አውርጄዋለሁ... መሰለኝ።»

ዘልላ አጠገባቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር አየችው። አልወረደም። በአንድ እጇ አወረደችው፣ በሌላው ስልኩን ነጠቀች። «ወንድም ጋሼ፣ እንዳትነካ! ውረድ!»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትቆጣለች ብለው አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ለወትሮው ለተራ ነገር የምትጮኸው ልጅ ግን ያን ቀን ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው።

«በእርስዎ ‹መሰለኝ› ነው እሱ ሽቦ የሚይዘው?»

«ትንፋሽ ሲያጥረኝ እረሳለሁ» አሉ አባትየው። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

ከወለሉ ብድግ አለች። ባለ ሁለት ራሱን ገመድ ነቅላ ማሽናቸውን በተራ ማራዘሚያ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ አገናኘች። ካርቶኑን ከአልጋው ስር መዘዘችው፣ አልጋው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ከውጭ የሠራተኞቹ አለቃ፣ «ሰፈሩ ሁሉ እኮ ጨለማ ነው! እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?» ብሎ ጮኸ።

በመስኮት ብቅ አለች። «ያለኝ ወንድም አንድ ነው። ሰፈሩ ይጠብቅ!»

ሽቦዎቹ ኮረንቲ እንደሌለባቸው በቴስተር ፈትሻ፣ ጥርሷን ነክሳ ግድግዳውን በሳች። ከቆጣሪው የመጣውን በአንድ በኩል፣ ከጄኔሬተሩ የመጣውን በሌላ በኩል፣ ወደ ቤቱ የሚሄደውን መሀል አድርጋ አሰረች። እያንዳንዱን ብሎን በካቻቢቴ አጥብቃ፣ ሽቦውን ጎትታ ሞከረችው። ከኋላዋ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች፤ አባቷ ፒንሳዋን አንስተው የገመዱን አንዱን ራስ ቆርጠውታል።

«አሁን ያዙሩት» አለቻቸው።

እጀታውን ሲያዞሩት ቀጭ ብሎ ገባ። ቤቱ በጄኔሬተሩ በራ። በመንገዱ በኩል ያለውን ሽቦ በቴስተር ነካችው፣ ምንም የለበትም።

«ከእንግዲህ ቢረሱም ግድ የለም» አለች፤ «ይኼ አይረሳም።»

ስልኩ ጮኸ። «አባባ፣ ወርዷል?»

አባትየው አፋቸው «አዎ» ሊል ነበር፤ መለሱት። «ቆይ ልየው» አሉ፣ የማሽናቸውን ቱቦ እየጎተቱ። ግድግዳው ዘንድ ሄደው እጀታው ወደ ጄኔሬተሩ መዞሩን አዩ፣ በጣታቸውም ዳበሱት።

«አይቼዋለሁ። አሁን ንካ፣ ልጄ።»