ፋዱሞ ዝም ያሰኘችው ሞተር

ኸሊፋ በዚያ የረመዳን ማምሻ የፈራውን ያህል በዕድሜው ፈርቶ አያውቅም። የሚስቱ የፋዱሞ ምጥ መጥቷል። አዋላጇ ልጁ ማህፀን ውስጥ አግድም መተኛቱን አስቀድማ ነግራቸው፣ ምጡ ሲጀምር ቤት ውስጥ ሳትቆይ ቀጥታ ሆስፒታል እንድትወሰድ፣ አለዚያ ሁለቱም እንደማይተርፉ አስጠንቅቃ ነበር። ኸሊፋም፣ ባሏ ታክሲ ነጂ የሆነ ሴት ምን ያሰጋታል ብሎ ነበር። አሁን ያቺው ታክሲ ዳሚ ሰፈር ካለው ግቢያቸው ውስጥ ትንፋሿ አጥሮ ቆማለች።

የፋዱሞ አክስት ናስተሆ የላከችበት መልእክት ደርሶት ከገበያ ሲከንፍ ሲመጣ ነው መኪናዋ ጉልበት የከዳት። የደረቀውን ወንዝ ተሻግራ እየተንዘፈዘፈች፣ ከእግረኛ እኩል እየተራመደች እንደምንም ቤት ደረሰች። ነፍሰ ጡር ጭኖ ወዲያ ማዶ ያለውን ዳገት መውጣት ግን የማይታሰብ ነው። ናስተሆ ሌላ መኪና ፍለጋ ወደ ትልቁ መንገድ ሮጣለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሀርጌሳ ሁሉ ማዕዱ ፊት ተቀምጦ የማፍጠሪያውን አዛን ሲጠብቅ፣ መኪና የሚያስነሳ ማን ይገኛል?

ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን እሳት የሚሰጡትን አራቱንም ካንዴላዎች ፈታ። ቁልፍ የሚያዞርለት ሰው ፈለገ፤ በግቢው ከፋዱሞ በቀር ማንም የለም። እሷው ሆዷን ደግፋ ወጥታ መሪው ጋ ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን የካንዴላ ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ አዙሪው አላት። አየሩ ጣቱን ገፍትሮ ወረወረው፤ ይኼ ደህና ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ግን ጣቱን የነካው የበሽተኛ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ነበር። አራተኛው ደህና ሆነ። እንግዲህ ኮምፕሬሽን፣ የአየር ግፊቱን ማለት ነው፣ ያጣው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ በየት በኩል እንደሚያመልጠው ነው ያልታወቀው። ፒስተኑን የሚያቅፈው ፋሻ አልቆ ከሆነ ሞተሩ መበተን አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜ የለም።

ፋዱሞ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ብላለች። እሱን ከሁሉ በላይ ያስፈራው ይኼ ዝምታዋ ነው። መሪውን የጨመደደው እጇ ሲጠብቅና ሲላላ እያየ፣ ምጡ ቶሎ ቶሎ እየመጣባት መሆኑ ገባው።

ቢስሚላሂ ብሎ አንድ ማንኪያ ዘይት በሦስተኛው ቀዳዳ አፈሰሰ። ጥፋቱ የፋሻው ከሆነ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው አየሩ ለጊዜው ይበረታል። እንደገና አዙሪው አላት። ያው የበሽተኛ ትንፋሽ ነው። እንግዲያው አየሩ የሚያመልጠው ከላይ፣ ሲዘጋ በማይገጥም የአየር መግቢያ ወይም መውጫ ቫልቭ በኩል ነው። ለምን አይገጥምም ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ነው ልቡ ስንጥቅ ያለው።

ቫልቮቹን ያጠበቀው ራሱ ነው። ያ ሞተር ሲነሳ ታክ ታክ ታክ ይል ነበር፤ አሮጌ ቶዮታ ምን ጊዜም እንዲህ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ማን ጆሮ ይሰጠዋል። እዚህ ግን ተሳፋሪው ጦርነት ያለፈበት ሰው ነው። ተኩስ የሚመስለውን ድምፁን ሲሰማ አንገቱን የሚቀብር ሽማግሌ፣ መሐል መንገድ ላይ አውርደኝ የምትል ሴት ስንቴ ገጥሞታል። ፋዱሞማ የባሰች ነች። ሀርጌሳ ስትደበደብ ልጅ ሆና አልጋ ሥር የሰማችው የመትረየስ ድምፅ፣ ተሰዳ ጅጅጋ አድጋ፣ አማርኛ ተምራ፣ እዚያው እሱን አግብታ እስክትመለስም ድረስ ከጆሮዋ አልወጣላትም። ዝም አሰኝልኝ ብላ ለመነችው። እሱም ሚስቱን የሚወድ ሞኝ ነውና፣ የቫልቮቹን ክፍተት ትንፍሽ እስከማይሉ ድረስ አጠበበው። ቫልቭ ደግሞ ሲግል ይረዝማል፤ መፈናፈኛ ካጣ አልዘጋም ይላል።

የቫልቮቹን ክዳን አንስቶ ክፍተቱን የሚለካባትን ቀጭን ብረት ሊያስገባ ቢሞክር፣ አልገባ አለችው። ካቻቢቴውን አንስቶ ብሎኑን ሊያላላ ሲል ግን እጁ ቆመ። ካላላው ያ ድምፅ ይመለሳል። እንዲህ ሆና እያለች ደንግጣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ትንሽ ብቻ፣ እሷ በማትሰማው ልክ ላላላው ይሆን?

"ምን ሆነህ ቆምክ?" አለችው።

ነገራት። ያን ጊዜ ምጥ ይዟት ነበር። ሲለቃት ቀና ብላ አየችው።

"እስከ ልኩ አላላው።"

አላላው፤ ሌሎቹንም አንድ ባንድ አስተካከለ። ቫልቩ ተቃጥሎ ከሆነ ይኼ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ሦስተኛውን ቀዳዳ ደፍኖ አዙሪው ሲላት አየሩ ጣቱን ገፈተረው። አልሐምዱሊላህ አለ።

ሁሉንም መልሶ ገጥሞ ሞተሩን ሲያስነሳ ታክ ታክ ታክ አለ። ፋዱሞ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ናስተሆ ባዶ እጇን ተመልሳ ደረሰች፤ ደግፈው ከኋላ አስገቧትና አዛኑ ሲሰማ ከግቢ ወጡ።

ዳገቱ ሥር ኸሊፋ ማርሽ ሊቀይር ነዳጁን ለቀቅ ሲያደርግ ድምፁ ቀነሰ።

"ኸሊፋ፣ ድምፁ ጠፋ እንዴ?"

በመስታወቱ አያት። እጆቿ ጆሮዋ ላይ አልነበሩም። አለ፣ አልጠፋም አላት፤ ነዳጁን ረግጦም ዳገቱን ወጣ።

ሆስፒታል ሲያስገቧት ሞተሩን አላጠፋውም። ካጠፋው መልሶ የማይነሳ መሰለው፤ ሐኪሞቹ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዳት ቢሉትስ? ዘበኛው መጥቶ አጥፋው ብሎ ተቆጣ። ኸሊፋ የሚያውቀው ሶማልኛ ሁሉ ጠፍቶት በእጁ በሩን አሳየው። ከተዘጋው በር ጀርባ ምንም አይሰማም። መሸ፤ አሁንም ምንም የለም። 

ድንገት ዘበኛው ቁጣውን አቋርጦ እጁን አነሳ። ከሞተሩ ታክ ታክ መሐል የሕፃን ለቅሶ ይሰማ ነበር።

ናስተሆ በበሩ ብቅ ብላ፣ ሐኪሟ ልጁን በእጇ እንዳዞረችው፣ እናትየውም ደህና እንደሆነች ነገረችው። ፋዱሞ ሞተሩ እስካሁን ይሠራል ወይ ብላ ጠይቃለችም አለችው። ኸሊፋ ያን ጊዜ ሄዶ ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።