ከባዶ ቱቦ የወጣ ቅባት

"ይኸው፣ ባዶውም አወጣው!" አለች የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ጉኔል፣ የመመርመሪያውን ስክሪን በጣቷ እየነካች።

ሄድቪግ ተጠግታ አየችና ክው አለች። በፕላስቲኩ ቱቦ ውስጥ አንድም ሴል አልገባም፤ ቅባት ማሟሟቻው ክሎሮፎርም ብቻ ነው። መሣሪያው ግን አራት ዓመት የደከመችበትን ቅባት ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። የሴል ሽፋን ዝም ብሎ ግድግዳ አይደለም፤ ደጅ የተነገረውን ጓዳ የሚያደርሱ ቅባቶች አሉበት። የዶክትሬት ጽሑፏ አራተኛ ምዕራፍ፣ ከእነዚህ መልእክተኞች አንድ አዲስ አገኘሁ የሚል ነበር።

"ደግመሽ ሞክሪው።"

"ሦስቴ ሞከርኩት የኔ ልጅ። የብርጭቆው ንጹሕ ነው። መሳቢያሽ ውስጥ ያንን የፕላስቲክ ቱቦ ካርቶን ሳይ ነው የጠረጠርኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ቅባት በብርጭቆ!› ስል የምቀልድ መስሏችሁ ነበር?"

ሄድቪግ አስታወሰች። ሐምሌ ነበር። የስዊድኗ ኡፕሳላ ሰው ሁሉ ቢሮውን ዘግቶ ለዕረፍት ወደ ገጠር ጎጆው ሲሄድ፣ ያዘዘችው የብርጭቆ ቱቦ ነሐሴ ካልሆነ አይመጣም ተባለች። መልእክት ያልደረሳቸውን ሴሎች በብርጭቆ ጨርሳ ነበር፤ የደረሳቸውን በፕላስቲክ ሠራች። ምን ይጎዳል ብላ! ቅባቱን ያመጣው ክሎሮፎርም የነካው ፕላስቲክ እንጂ ሴሉ አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ የታተመውን ጽሑፏን እንደ ዩኒቨርሲቲው ደንብ ሁሉም እንዲያየው ኮሪደሩ ላይ ባለው ሰሌዳ በሚስማር ልትመታ ነው። ኬኩ ቀርቧል፤ አባቷም ከሰሜን ጫፍ፣ ከኪሩና፣ ሌሊቱን በባቡር ተጉዞ መጥቷል። ጽሑፏን በተከራካሪ ፊት የምትከላከልበት ዲፌንስ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ቶርቢዮርን ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘጋ።

"ዛሬ ዝም ብለሽ ምቺው። ሦስቱ ምዕራፎች አይነቀነቁም። ይሄን ከዲፌንሱ በኋላ ቀስ ብለን እናርመዋለን። አሁን ማን ያየዋል?"

"እኔ አየሁት እኮ!"

"ራስሽ ካወጣሽው ተከራካሪው በእሱ ብቻ ሲወጥርሽ ይውላል። ልትወድቂም ትችያለሽ። ደግሞ የኔም ስም አለበት።"

"ይወጥረኝ! ሌላው ተማሪ የሌለ ቅባት ሲፈልግ ዕድሜውን ከሚፈጅ እኔ ልዋረድ።" ፈርታለች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም። ግን ቁጭ ብላ ሁለት መስመር ጻፈችና አተመች።

ኮሪደሩ ሞልቶ ጠበቃት። አባቷ ከሁሉም ፊት ቆሞ ስልኩን ለፎቶ አነጣጥሯል። ቶርቢዮርን ወረቀቷን አንብቦ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እሺ፣ ይግባ። ግን ቢያንስ ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ አድርጊው።"

"ከፊት ነው" አለች ሄድቪግ።

"አራተኛው ምዕራፍ ስህተት ነው። ቅባቱ የመጣው ከፕላስቲክ ቱቦዬ ነው" የሚለውን ወረቀት ከሽፋኑ ላይ ደረበችው፤ ስሟ እንዳይሸፈን ትንሽ ከፍ አድርጋ ያዘችና መዶሻውን አነሳች።