ሱልማን ወንበር ላይ ማስቀመጥ

ኤቤር ላሮሳ የተቀመጠ ሰው መሣል አቅቶት ነበር። የቆመ ሰው ይሞክራል፣ የተጋደመም እንደነገሩ ይወጣለታል፤ ወንበር ላይ ሲሆን ግን እጁ ይከዳዋል። የሚሥላት ሴት ጉልበቷን እጥፍ አድርጋ፣ ወንበሩን ሳትነካ አየር ላይ ትቀራለች። አስተማሪዋ ሚርታ ደጋግማ ነግራዋለች፦ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ዳሌዋን፤ ክብደቷ የት እንዳረፈ ካገኘህ ሌላው ራሱ ይመጣል። ኤቤር ግን ዳሌ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ዐይኑን ወደ መስኮቱ ይመልሳል። ሰውዬው ስድሳውን ካለፈ ቆይቷል፣ ሚስቱንም ከቀበረ ዓመታት ሆነውታል፤ እፍረቱ ብቻ አላረጀም።

ጣጣው የወንበሩ አልነበረም፤ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው የሱልማ ነበር። በሞንቴቪዴዮ ከተማ የሰፈሩ ክበብ ማክሰኞ ማክሰኞ ለጀማሪዎች የሥዕል ትምህርት ሲከፍት፣ ሞዴል ለመሆን ፈቃደኛ ሆና የተገኘችው እሷ ብቻ ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ከአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭነት ጡረታ ወጥታለች። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው እንጀራዬን የበላሁት፣ አሁን ደግሞ ለእናንተ ልቀመጥላችሁ ብላ አሳቀቻቸው። ኤቤር የተመዘገበው ይህን በሰማ ማግስት ነው። ክፍሉ በሙሉ ነገሩን ያውቃል፤ ዊልሰን የሚባለው ቀልደኛማ የኤቤርን ሥዕል ባየ ቁጥር "ዛሬም አላስቀመጥካትም?" ይለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ምስጢሩ የተጠበቀ የሚመስለው ኤቤር ብቻ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ሱልማ ፔርሙሷን አምጥታ ማቴ የሚሉትን ትኩስ የቅጠል መጠጥ ትቀዳለች። አንድ ቅል፣ አንድ የብረት መምጠጫ፤ ሁሉም በየተራው ጠጥቶ ቅሉን ለቀጂዋ ይመልሳል። ስትመልስ ዝም ካልክ ተራህ ሲደርስ እንደገና ይመጣልሃል። "አመሰግናለሁ" ካልክ ግን በቃኝ፣ ከእንግዲህ እኔን ዝለይኝ ማለትህ ነው። ኤቤር ይህችን ቃል ለሱልማ ተናግሮ አያውቅም። ሌሎቹ እያመሰገኑ ሲወጡ፣ እሱ ቅጠሉ ጣዕሙ አልቆ ውሃ ውሃ እስኪል ይጠጣና ሆዱ እየተንቦጫቦጨ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፍቅሩን የሚገልጽበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የዓመቱ ትምህርት ሊያልቅ አንድ ማክሰኞ ሲቀረው እጁ ታዘዘለት። ሱልማ የዚያን ቀን ደክሟት ነበር። ኤቤር ማፈሩን ረስቶ፣ ሰውነቷ ወንበሩን እንዴት እንደተጫነው፣ ጀርባዋም መደገፊያውን እንዴት እንዳመነው አየ፤ ያየውንም ሣለ። ሚርታ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ዊልሰን እንኳ "ዛሬስ አስቀመጥካት" አለው። ኤቤርም ቆረጠ። ሥዕሉን ይሰጣታል፤ ደስ ካላት እሁድ አብረን በባሕሩ ዳርቻ እንንሸራሸር ይላታል። ትምህርቱ ሲዘጋ የሚገናኙበት ምክንያትም አብሮ ይዘጋልና፣ አሁን ካልጠየቀ መቼም አይጠይቅም።

"ይቺ ለእርስዎ ናት" አላት።

ሱልማ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና አለችና "አመሰግናለሁ፣ ኤቤር" አለችው።

ሌላ አገር ቢሆን ሰውዬው በደስታ በዘለለ ነበር። የእኛ ሰው ግን የሰማው "በቃኝ"ን ነው። ባርኔጣውን አነሣ፣ ደህና ይሁኑ ብሎ ወጣ። የእሁዱ ነገር አፉ ውስጥ ቀረ። በመጨረሻዋ ማክሰኞም ከትምህርቱ ቀረ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሱልማ ነበረች፣ ሥዕሉን ጠቅልላ ይዛለች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ሳይጋብዛት ገብታ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ታመህ መስሎኝ ነበር፣ እንደማይህ ግን ደህና ነህ፣ ታዲያ ምን ሆነህ ቀረህ ብላ ጠየቀችው።

ኤቤር ተንተባተበ። "እርስዎ እኮ... አመሰግናለሁ አሉኝ።"

"ለሥዕሉ ነዋ፣ አንተ ሰውዬ። ቅል ነበር እንዴ የመለስኩልህ? ደግሞስ እኔ ቀጂዋ፣ ለማን ብዬ ነው ቅል የምመልሰው?"

ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"እየው። የሣልከው አንተ ነህ። እኔ ስንት ዘመን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሲሳፈር ሲወርድ አይቻለሁ። ሊወርድ ያሰበ ሰው ገና ፌርማታው ሳይደርስ ከመደገፊያው ይላቀቃል፣ ዕቃውን ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ተረከዙን ወደ ወንበሩ ሥር ይስባል። ይቺ ሴትዮ ወራጅ ናት?"

ወረቀቱ ላይ ያለችው ሱልማ እግሯን ዘርግታለች፣ ጀርባዋን ጥላለች። የትም የምትሄድ አትመስልም።

"ስምንት ወር ሙሉ አይተኸኝ፣ አንዲት ቃል ብትሰማ ሸሸህ" አለችው። ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰበረ።

ዐይን ያያል ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የኤቤር ልብ ግን ፍርዱን ለጆሮው ትቶ ኖሯል። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮም አያውቅ። ከወረቀቱ ቀና ሲል እውነተኛዋ ሱልማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነች። ጀርባዋ መደገፊያውን አልነካም። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፣ ሁለቱም ተረከዞቿ ወንበሩ ሥር ገብተዋል።

"አትነሺ" አላት። እርስዎ ማለቱን የት እንደጣለው እንጃ።

ሱልማ ተረከዞቿን ከወንበሩ ሥር አወጣች። ከዚያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።