ብርድ ልብስ በሚያዝያ

ደብዳቤው ዋጃ የደረሰ ዕለት ታረቀኝን ደንቆሮ አልሁት። በማግሥቱ አረመኔ አልሁት። በሦስተኛው ቀን ስድቡ አለቀብኝና፣ ስሙን ብቻ እየጠራሁ ብርጭቆ ሳጥብ ሁለት ሰበርሁ።

ታረቀኝ ያኔ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ የቆቦ ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ቀጭን፣ ዓይኑን ከወረቀት የማያነሳ፣ ሰላምታውን እንኳ ማኅተም መትቶ የሚሰጥ የሚመስል ሰው። የእሱ ፊርማ ያለበትን ደብዳቤ የቀበሌያችን ሰዎች አምጥተው የሻይ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ መንገደኛው ሁሉ የሚያርፈው እኔ ጋ ነውና። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርሁ ራሴው አነበብሁት። የአውራጃው ወጣቶች በባትሪ የሚሄድ፣ ከርቀት የሚነዳ መኪና ሠርተው ቅዳሜ ሚያዝያ አሥራ ሰባት ቀን በቆቦ አዳራሽ ይወዳደራሉ ይላል። ዕድሜ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ። መኪናውን የሠራው ሰው ራሱ ይምጣ፣ ወኪል አይላክ። ከሁሉም በታች፣ ለብቻው በተጻፈ መስመር፣ «እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ይምጣ» ይላል።

በዚያ ዘመን ብርድ ልብስ ይዘህ ና የሚባለው ማን እንደሆነ የማያውቅ እናት አልነበረም። ለውትድርና የሚሄድ ልጅ ነው። ሻይ ቤቴ የሚያርፉ ሾፌሮችም በዚያው ሰሞን ነግረውኛል። አንድ ከተማ ላይ የኳስ ግጥሚያ አለ ተብሎ ወጣቱ ሲሰበሰብ ሜዳው ተከበበ፤ በረኛው ጓንቱን ሳያወልቅ ከነጓደኞቹ መኪና ላይ ተጫነ። ጎረቤቶቼ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉኝ። ይበሉ። እነሱ ሦስትም አራትም አላቸው፤ እኔ ያለኝ አንድ ሰላሁዲን ነው።

ሰላሁዲን ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የተበላሸ ነገር ካየ ሳይፈታ አያልፍም። ከተሰበረ ቴፕና ከሌላ ካገኘው ዕቃ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች አውጥቶ መኪናዋን ሠራት። ገላዋ የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ጎማዋ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ። ከኋላዋ ስምንት ክንድ የሚሆን ገመድ ይወጣና ሁለት ቁልፍ የተገጠመበት የእንጨት ሳጥን ላይ ያበቃል። ሳጥኑን ይዞ ከኋላ እየተከተለ ሲነዳት የዋጃ ሰው ሥራ ፈትቶ ያያል። ጥፋቱም ይኸው ነበር፤ መኪና የለኝም ብሎ መዋሸት አይችልም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መላውን አገኘሁት።

«አንተ ነገ በጧት አጎትህ ከብት ወደሚያግድበት ቆላ ትወርዳለህ» አልሁት። «ቆቦ እኔ እሄዳለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልወዳደር።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ሻይ ቤቱን ዘግተን በጠረጴዛዎቹ እግር መሐል ስነዳ ዋልሁ። «እማ፣ ሁለቱን ስትጫኚ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ቀኙን ስትለቂ ወደ ቀኝ ትዞራለች። አትጨፍልቂው፣ ንኪው ብቻ» ይለኛል። ወንበር ገጨሁ፣ ጀሪካን ገጨሁ፣ የገዛ እግሩን ገጨሁት። ሲመሽ አካባቢ ተስፋ የቆረጠ መሰለና መኪናዋን ገልብጦ ሆዷን አሳየኝ። «ባለችበት ከተሽከረከረች አትደንግጪ። አንዱ ሽቦ ከባትሪ ድንጋዩ ላይ ለቋል ማለት ነው። መልሰሽ ታስሪዋለሽ፤ እንዲህ።» አንዴ ብቻ ነው ያሳየኝ። ዓርብ ጧት ወደ ቆላ ወረደ።

ቅዳሜ መኪናዋን በዚያ በተረገመ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ብርድ ልብሱን የያዝሁት ምንም ሰበብ እንዳያገኙብኝ ነው። ቆቦ ስወርድ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ሸራ የለበሰ የጦር መኪና ቆሟል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አልሁ በሆዴ። እንኳንም ልጄን ቆላ ሰደድሁት።

ወደ ውስጥ ብገባ አንድም ወጣት የለም። ከሮቢት የመጣችው የሻረግ የምትባል እኔን የምታህል ሴትዮ ናት። ከቆቦዋ ደብሪቱ ደግሞ የልጅ ልጇን አዝላ መጥታለች። ከጎብዬ የመጡት ጋሽ ይርጋ ጢማቸው ጥጥ መስሏል፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የሽቦ መኪና ይዘዋል። ሌሎቹም እንዲሁ እናትና አባት፣ አክስትና አያት ናቸው። አሥራ አንድ መኪና፣ አሥራ አንድ ብርድ ልብስ፣ ጎረምሳ ግን የለም። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም ብልጧ። ተያየን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ታረቀኝ መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ስም?»

«ዚነት። ከዋጃ።»

«መኪናውን የሠራው?»

«እኔ።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

ቀና ሳይል ጻፈ። ጋሽ ይርጋ ተራቸው ደርሶ «ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል» ሲሉ የሻረግ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ታረቀኝ ያንንም ጻፈ። እኔ በድንቁርናው ደስ አለኝ። ከዚያ ብርድ ልብሶቻችንን አስጠቀለለና ወለሉ ላይ በጠመኔ በተሠመረው መንገድ መታጠፊያዎች ላይ አስደረደረን። መኪኖቹ ግድግዳ እንዳይመቱ ነው አለ። እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ሁለት ዙር ይነዳል፤ እሱ በእጅ ሰዓቱ ይይዛል።

የሻረግ በሃምሳ ስምንት ሴኮንድ ጨረሰች። እኔ ሳጥኔን ይዤ ስቆም በሩ ተከፈተና አንድ መቶ አለቃ ከሁለት ወታደሮች ጋር ገባ። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«ወጣቶቹ የታሉ?»

«ተመዝግበው የቀረቡት እነዚህ ናቸው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ ታረቀኝ።

«ብርድ ልብሱስ ለምንድን ነው?»

«ለመታጠፊያው ነው። መኪኖቹ እንዳይሰበሩ።»

መቶ አለቃው የተጠቀለሉትን ብርድ ልብሶች አየ፤ ደጋግሞ አየ። ታረቀኝ እስክሪብቶውን ሲከድንና ሲከፍት ያን ጊዜ አየሁ። ይኼ ሰውዬ ምን ያስፈራዋል ብዬ ገረመኝ።

«እንግዲያው ቀጥሉ፤ እኔም ልይ» አለ መቶ አለቃው።

ቢስሚላህ ብዬ ሁለቱንም ቁልፍ ነካሁ። መኪናዋ ወጣች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ብርድ ልብሱን ታክካ አለፈች። ሁለተኛውን ልትይዝ ስትል ባለችበት መሽከርከር ጀመረች። ቁልፉን ብጫን ትዞራለች፣ ብለቅ ትቆማለች።

መቶ አለቃው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «አንቺ ነሽ የሠራሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ ጠግኛት።»

ተንበረከክሁ። ከፊቴ ጫማው ብቻ ይታየኛል። መኪናዋን ገለበጥኋት። አሥራ አንድ ቤት ውስጥ የተደበቀ ልጅ ሁሉ በኔ ጣት ላይ ያለ መሰለኝ፤ እኔ ካልሠራኋት ሌላ ሠሪ አለ፣ ሠሪው ካለ ደግሞ ይፈለጋል። ሽቦው እውነትም ለቋል፤ ጫፉ ግን ተበጥሶ ቀርቷል። ሰላሁዲን ይኼን አላሳየኝም። የሽቦውን ሽፋን በጥርሴ ላጥሁና ራቁቱን ሽቦ ባትሪ ድንጋዩ ላይ ደገፍሁት፤ አልያዝ አለኝ። እጄን ወደ ሻሼ ሰድጄ የፀጉር ማስያዣዬን መዘዝሁና ሽቦውን ከድንጋዩ ጋር አስነክሼ አሰርሁት። ያረቢ፣ የሴት ብልሃት ነው፣ አታሳፍረኝ።

ተነሥቼ ቁልፉን ነካሁ። ቀጥ ብላ ሄደች። የቀረውን ዙር ጨርሳ ጫማዬ ሥር ስትቆም መቶ አለቃው ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። እኔን አየኝ፣ የጋሽ ይርጋን ጢም አየ፣ ታረቀኝን አየ። ከዚያ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ፤ ወታደሮቹም ተከተሉት። የመኪናው ሞተር ተነሣ። ድምፁ ከጆሯችን እስኪጠፋ ድረስ ሁላችንም እንደቆምን ነበር።

«ሠላሳዬ ዛሬ ሞላ» አሉ ጋሽ ይርጋ፣ ብርድ ልብስ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና። ያኔ ሳቁ መጣ። የሻረግና እኔ፣ ተዋውቀን የማናውቅ ሴቶች፣ ተቃቅፈን ሳቅን። ከጀርባዬ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ቀለለኝ።

ሳቄ ሲበርድ ታረቀኝ ጋ ሄድሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የቋጠርሁት ስለነበር ሳልነግረው መሄድ አልቻልሁም። «አንተ ሰው፣ ያቺን የብርድ ልብስ ነገር ባትጽፋት ኖሮ ልጆቻችን መጥተው ነበር እኮ። ነገሩን ያስነቃብህ እሱ ነው» አልሁት፣ እያላገጥሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከወረቀት አነሣ።

«እትዬ ዚነት፣ በሚያዝያ፣ እዚህ ቆቦ፣ ማን ይበርደዋል ብዬ የጻፍሁት መሰለሽ?» አለኝ በለሆሳስ። «ሰብስብ ተባልሁ። አልሰበስብም ማለት አልቻልሁም። አንዲት መስመር መጨመር ግን ቻልሁ።»

ሲሳደብ የከረመ አፍ ለምርቃት ቃል አጣ። «አላህ ይጠብቅህ» ብቻ አልሁት፤ እሱም «አሜን» ብሎ ወደ መዝገቡ ተመለሰና የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ውድድሩ እስከ ስድስት ሰዓት ቀጠለ። ሽልማቱ ፔርሙስ ነበር፤ የሻረግ ወሰደችው። ያቺ ሽቦ ባትበጠስ ኖሮ የኔ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰኞ ሰላሁዲን ከቆላ ተመለሰ። ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሰኝ መኪናዋን አንሥቶ ገለበጣት። ባትሪ ድንጋዩን የነከሰውን የፀጉር ማስያዣዬን አገኘና ትኩር ብሎ አየው። ሊያወጣው እጁን ሰደደ፤ ተወው።

«ማን ሠራት አልሻቸው?»

«እኔ።»

«ታዲያ አመኑሽ?»

«መቶ አለቃው አላመነኝም» አልሁት። «ግን ሄደ።»

ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያስለቀሰኝ። በር ላይ ሻይ የሚጠብቁ ሁለት ሾፌሮች እያዩኝ፣ እሱ መኪናዋን ታቅፎ ቆሞ እያየኝ፣ አልቅሼ ወጣልኝ።